ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰነብት ሕመም

ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን፤ በጥሊሊ ከተማና በጓጉሳ ሽኩዳድ ቀበሌዎች፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመላው አዊ ሆናችሁ ይህን ትምህርት የምትከታተሉ ወገኖቻችን፤ በዛሬው የጤና ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙ ቤት የገባ፣ ነገር ግን በብዙ ቤት የማይነገር ነው። ይኸውም ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሞት አፋፍ ተመልሶ፣ ስፌቱ ወጥቶለት፣ ቁስሉም ከላይ ሲያዩት ደርቆና ጠግጎ ሳለ፣ ከውስጥ ግን ሳምንታትን፣ አንዳንድ ጊዜም ወራትን እየቈጠረ የሚሰነብተው ሕመም ነው።

በአገራችን ደጋማ ክፍሎች፣ በተለይም በሰሜን ምዕራቡ በኩል፣ ሰውን ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ደዌዎች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ መሆኑን የሕክምና ባለሙያዎቻችን ከብዙ ዓመታት ጀምረው መዝግበውታል። ስለዚህ ነገሩን ለማስረዳት በዚህ ደዌ የተያዘ አንድ የአካባቢያችንን ገበሬ በዐሳባችን ብንከተል ይበጃል። ይህ ሰው ሆዱ በድንገት ተነፍቶ፣ አየርም ዐይነ ምድርም አልወጣ ብሎት ማስታወክ ሲጀምረው፣ ጎረቤቶቹ ተሸክመው ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ አደረሱት፤ ከእንጅባራም በዳንግላ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ገባ፤ በዚያም ሆዱ ተከፍቶ የሞተው የአንጀቱ ክፍል ተቈርጦ ወጣ፣ ጤናማው ከጤናማው ጋር ተሰፋ፣ ነፍሱም ተረፈች። ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የመንደሩ ሰው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» እያለ ጠየቀው። በሁለተኛው ወር ግን፣ ቁስሉ ድኗል ከተባለ በኋላ፣ ሌሊት ጎኑን ሊያዞር ሲል አንድ የሚያቃጥል ነገር ከእምብርቱ በታች ይወጋው ጀመር። ጠያቂ በተቀመጠበት ሳል ሲመጣበት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ በጋቢው ሥር መዳፉን በጠባሳው ላይ ይጭናል፤ ሳሉ ካለፈለት በኋላም «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል። ሌሊቱን እንደማይተኛ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እርሷም ብትሆን ለማን ትንገረው?

ይህ ሰው በየቀበሌው አለ። አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ፣ አንድ ጎልማሳ ቡአውን አሠርቶ፣ አንዲት አሮጊት እንቅርቷን አስወጥታ፣ አንድ ወጣት በአደጋ እግሩን አጥቶ እንደዚሁ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛው ምክንያት ጨዋነት ነው፤ ሕመምን ችሎ ማለፍ በእኛ ዘንድ የክብር ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ በተለይ ወንድ ልጅ «አመመኝ» ብሎ መናገርን እንደ መዋረድ ይቈጥረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ምስጋና ነው፤ ከሞት የተረፈ ሰው፣ «ሕይወቴን ከመለሰልኝ አምላክ ፊት ስለዚህ ታናሽ ነገር እንዴት አጕረመርማለሁ?» ይላል። ሦስተኛውም ፍርሃት ነው፤ ሕመሙን ከተናገረ ሆዱ እንደገና የሚከፈት ስለሚመስለው፣ ላለመከፈት ሲል ይሸሽጋል።

እነዚህ ሦስቱም መልስ አላቸው። ኢዮብ በትዕግሥቱ የተመሰገነ ጻድቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ኢዮብ የቁስሉን ጽናትና የሌሊቱን ርዝመት፣ በመኝታውም ላይ እስኪነጋ መገላበጡን በግልጽ ተናገረ፤ ይህን ቢናገርም ታጋሽ መባሉ አልቀረም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናስተውል ያስተምረናል፤ በእስልምናም ቢሆን ለበሽታ መድኃኒት መፈለግ የተወደደ ነገር ነው። እንግዲህ ሕመምን ለሐኪም መንገር ምስጋናን አያጎድልም፤ ሕይወትን ለመለሰ አምላክ የተመለሰውን ሕይወት ተንከባክቦ መያዝ ራሱ የምስጋና ክፍል ነውና። ስለ ፍርሃቱም፣ ከሚሰነብቱት ሕመሞች አብዛኞቹ ሲነገሩ ያለ ሁለተኛ ቢላዋ የሚታከሙ ናቸው። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ነገሩን በሚገባ መርምረው ነው።

አድማጮቻችን፤ ሕመምን ችሎ ስለ ማለፍ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያደርገው በዓል የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። በዚያ ዘመን ማደንዘዣ በዓለም ላይ ከታወቀ ገና ግማሽ ምዕት ዓመት ነበረ፤ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በኤተር ትነት ሰውን አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ያለ ስቃይ እንዲፈጸም ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. ነውና። በአገራችንም ከድሉ በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑካን አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን ማከም ጀመሩ፤ ሥራቸውም ኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ለሚጠራው ሆስፒታል መነሻ ሆነ። መድኃኒቱ ባልነበረበት፣ ቢኖርም ለብዙው ቁስለኛ በማይደርስበት በዚያ ጊዜ፣ ስቃይን በዝምታ መቻል በእውነት ጀግንነት ነበረ፤ ለሰው ሌላ መንገድ አልተሰጠውም ነበርና። መድኃኒቱና ሐኪሙ ባለበት በዛሬው ጊዜ ግን ያው ዝምታ ማንንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሰውነትን ይጎዳል።

የሕክምና ሊቃውንት ራሳቸው ይህን የሚሰነብት ሕመም በቅጡ ያወቁት በቅርብ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በብሪታንያ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኙ የሕመም ማከሚያ ክሊኒኮች ከ5 ሺህ የሚበልጡ ሕመምተኞች በተመረመሩ ጊዜ፣ ከአምስቱ የአንዱ ያህል ሕመም ከቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ምርምሮች፣ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዐይነት ከመቶ ሰዎች ከ10 እስከ 50 የሚሆኑት ከተለመደው የመዳኛ ጊዜ በላይ የሚቈይ ሕመም እንደሚገጥማቸው፣ ከባድ የሚሆንባቸው ግን ከመቶው ከ2 እስከ 10 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ታወቀ። ዛሬ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቈየ ሕመም በዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የራሱ ስም ተሰጥቶት ተጽፏል። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሕመምን ስለማከም የሚናገር ብሔራዊ መመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. አውጥቷል። ስለዚህ ይህ ሕመም በሕክምና መዝገብ የታወቀ፣ መመሪያም የወጣለት ነገር መሆኑን፣ ሌሊቱን ብቻውን የሚገላበጠው ያ ገበሬ ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ሕመሙ ለምን እንደሚሰነብት እንመልከት። ቆዳ ፈጥኖ ይገጥማል፤ ስፌቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ከቆዳው በታች ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ነጭና ጠንካራ ሽፋን ግን በስድስተኛው ሳምንት እንኳ ከቀድሞ ጥንካሬው እኩሌታውን ያህል ብቻ ያገኛል፤ ከዚያም በኋላ ለወራት ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ ፈጽሞ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ነርቭ ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል፤ የተቈረጠ ነርቭ ተመልሶ ሲያድግ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራመድ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ለመሸፈን ሦስት ወር ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ላይኛው ቆዳ ድኗል ማለት ታችኛው ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መሳብ፣ መቈርጠምና በጠባሳው ዙሪያ መደንዘዝ ቢሰማ የሚያስደነግጥ ነገር አይሆንም፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ የመዳን ጕዞ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ሥጋው ከዳነ በኋላ ሕመሙ አይቀንስም። ዝንጀሮ አንድ ቀን ማሳውን ያጠፋበት የእህል ጠባቂ፣ ከዚያ ወዲያ በማማው ላይ ሆኖ ነፋስ ላወዛወዘው ቅጠል ሁሉ እንደሚጮኽ፣ ብዙ ስቃይ የተቀበሉት ነርቮችና አእምሮም ስጋት ከጠፋ በኋላ በጥቂቱ ነገር ይጮኻሉ። እንዲህ ያለው ሕመም ማቃጠል፣ መንዘር፣ እንደ መርፌ መውጋት ይበዛበታል፤ የልብስ መነካት እንኳ ሊያሠቃይ ይችላል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አመመ ማለት ሁልጊዜ ቁስሉ ተከፈተ ወይም አንጀቱ እንደገና ተጠመዘዘ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ቁስሉ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያመው ሰው የሐሰት ሕመምተኛ አይደለም፤ የሚሰማው እውነተኛ ሕመም ስለሆነ፣ ቤተሰቡ «ድነሃል፣ አሁን ምን ሆንህ?» እያለ ሊያሸማቅቀው አይገባም።

የዚህ ነገር ግልጽ ምስክር እጅ ወይም እግር የተቈረጠ ሰው ነው። በአገራችን ስብራት ያጋጠመው ሰው ወደ ወጌሻ ሲሄድ፣ የተሰበረው እግር በቀርከሃ ስንጥር ከመጠን በላይ ጠብቆ በመታሠሩ ደም መዘዋወሩን አቁሞ ሥጋው የሚሞትበትና እግሩ የሚቈረጥበት አሳዛኝ ጊዜ አለ። ከተቈረጠም በኋላ ብዙዎች በሌለው እግራቸው ጣቶች ላይ የሚያቃጥልና የሚጨመድድ ሕመም ይሰማቸዋል፤ ይህንንም ሲናገሩ አእምሯቸው የተነካ ወይም ክፉ መንፈስ የያዛቸው እየመሰለ ይፈራሉ። እንዲህ አይደለም፤ እግሩ ቢሄድም የእግሩ ነርቭ ጕማጅና በአእምሮ ውስጥ ያለው የእግሩ ስፍራ አልጠፋምና ነው። ይህም መድኃኒት አለው። ስብራት የታሠረለት ሰው ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢጠቍሩ፣ ቢደነዝዙ ወይም ሕመሙ እየበረታ ቢሄድ፣ ማሠሪያው በዚያው ሰዓት ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት በዚህ አጋጣሚ አደራ እንላለን።

ክቡራን አድማጮች፤ ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ሐኪም ያዘዘው የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ ይወሰድ፤ ስቃዩ ጣራ እስኪነካ ድረስ አይጠበቅ። ብዙ ሰው «ይለምድብኛል» በማለት ክኒኑን ትራስ ሥር አኑሮ ሌሊቱን ሲሠቃይ ያድራል፤ ባለመተኛቱ በማግሥቱ ይደክማል፤ ስለደከመ አይራመድም፤ ባለመራመዱም ሕመሙ ይጸናበታል። ከማስታገሻዎቹ ሁሉ የተለመደው ፓራሲታሞል ነው። ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ሊሰጥ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ ለታመመ፣ ሰውነቱ እጅግ ለከሳ ወይም መጠጥ ለሚያዘወትር ሰው መጠኑ ስለሚያንስ ባለሙያ ይጠየቅ። ለጕንፋን የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቦ መውሰድ አደገኛ ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን እብጠት ያለበትን ሕመም ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ሊያቈስሉና ኵላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ወራት መዋጥ አይገባም፤ ሲወሰዱም ከምግብ ጋር ይሁን።

ትራማዶልና ሞርፊን ለበረታ ሕመም የሚታዘዙ ኃይለኛ መድኃኒቶች ናቸው። በታዘዘው መጠንና በታዘዘው ቀን ብቻ ከተወሰዱ ትልቅ ዕረፍት ይሰጣሉ፤ ከአረቄ ጋር ከተገናኙ ግን እስትንፋስን አቀዝቅዘው ሊገድሉ ስለሚችሉ፣ «አረቄው ስቃዩን ያስረሳዋል» ብሎ ለታመመ ሰው መለኪያ የሚያቀርብ ወዳጅ ሳያውቀው ጠላት ይሆናል። እነዚህ መድኃኒቶች ሆድንም ያደርቃሉ፤ ሆዱ የተሰፋ ሰው ደግሞ ሲያምጥ ጠባሳው ይሳባል። ስለዚህ በቂ ውሃ መጠጣት፣ ጎመንና የገብስ ቅንጬ መብላት፣ ተልባም መጠጣት ይረዳል። አንጀቱ ተቈርጦ የተሰፋ ሰው ግን ምን እንዲበላ እንደተፈቀደለት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ማቃጠልና መንዘር ለሚበዛበት የነርቭ ሕመም እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች በጥቂት መጠን ይታዘዛሉ፤ እነርሱም ውጤታቸው የሚታየው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል አይገባም። ስለ ጾምም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው የፈቀዱት ሥርዓት ስላለ፣ የነፍስ አባትን ወይም ሼኽን አማክሮ መብላት ይገባል፤ የተቈረጠ ሥጋ ያለ ምግብ አይገጥምምና፣ እንቍላልና ወተት፣ ባቄላና ምስር ለታማሚው ከመድኃኒቱ ተለይተው አይታዩ። ጸበልም ይጠጣ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ፤ ያልደረቀ ቁስል ግን ውሃ አይነከር፣ ቅቤም፣ ፌጦም፣ የተወቀጠ ቅጠልም አይደረግበት።

ከመድኃኒት ቀጥሎ የሰውነት ሥርዓት አለ፤ ይህም በእያንዳንዳችን እጅ ያለ ሕክምና ነው። ሆዱ የተከፈተ ሰው ከመኝታው ሲነሣ ቀጥ ብሎ አይነሣ፤ አስቀድሞ ጉልበቶቹን አጥፎ በጎኑ ይዙር፤ እግሮቹን ከመደቡ ወይም ከአልጋው ወደ ታች እያወረደ በክንዱ መደቡን ገፍቶ ይቀመጥ፤ ጥቂት አርፎ ይቁም። ሲያስል ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በጠባሳው ላይ በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሳሉን ስለማይፈራ አክታውን ያወጣል፣ ሳንባውም ይጠበቃል። በየሰዓቱ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል በአፍንጫው ቀስ ብሎ ጥልቅ አየር ይሳብ፤ በአፉም ቀስ ብሎ ያውጣ። የጥሊሊ ደጋ ብርዱ ጽኑ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ «ብርድ እንዳይገባበት» በማለት ታማሚውን በተዘጋ ቤት እሳት ዳር ያስተኛዋል። ሙቀት መልካም ነው፣ ብርድ ጡንቻን እያኰማተረ ሕመምን ይጨምራልና፤ ጢሱ ግን ያስላል፣ ሳሉም ስፌቱን ይጎትታል፤ ስለዚህ ታማሚው በወፍራም ልብስ ይሙቅ እንጂ በጢስ አይታፈን።

መራመድንም ቢሆን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማሳደግ ይገባል። ዛሬ ከደጃፍ እስከ አጥር፣ ከሦስት ቀን በኋላ እስከ ጎረቤት፣ በሳምንቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር። ደኅና በዋለበት ቀን የሰባት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ሠርቶ በማግሥቱ መውደቅ፣ ባመመውም ቀን ፈጽሞ አለመነሣት፣ ሁለቱም ስሕተት ነው፤ መካከለኛው መንገድ ይሻላል። ትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ ሐኪሙ ካዘዘም ከዚያ በላይ፣ ከባድ ነገር አያንሣ። 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የድንች ጆንያማ ምን ሊባል! ሞፈር መያዝ፣ ግንድ መፍለጥ፣ ፈረስ መጋለብም ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀመር። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ ሕፃኗን አቅፋ ታጥባ እንጂ፣ ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ፣ እህል ፍጪ አትባል፤ አራስነቷ በሆዷ ላይ ከተሰፋው ቁስል ጋር ሁለት ድካም መሆኑን ባልና አማት ሊያስተውሉ ይገባል።

በዚህ ስፍራ ለጠያቂዎች አንድ ቃል አለን። የታመመን መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው ቅዱስ ልማድ ነው፤ ነገር ግን በታማሚው ራስጌ ተቀምጦ «እገሌም እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ ኋላ ግን አልተረፈም» ማለት ጽድቅ አይሆንም። ፍርሃት ሕመምን እንደሚያበረታ፣ የተረጋጋ መንፈስ፣ ጸሎት፣ በቂ እንቅልፍና ደስ የሚል ጨዋታ ደግሞ እንደሚያቀሉት በሕክምናም የታወቀ ነው። የሰው ፍቅር በእውነት የሚታወቀው በእጁ ሥራ ስለሆነ፣ ሰነፍ ጠያቂ ቡና ጠጥቶ ሲሄድ፣ ብርቱ ወዳጅ ውሃውን ቀድቶለት፣ በደቦ ማሳውን አርሶለት፣ ከብቱን አጠጥቶለት ይሄዳል። ሥራው እንዳልቆመ ያየ ገበሬ ያለ ጊዜው ሞፈር ለመጨበጥ አይቸኵልም፤ ይህም ከብዙ ክኒን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አሁን ደግሞ ልብ ብላችሁ አድምጡ። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ነገሩ የሚሰነብት ሕመም አይደለምና፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው፤ ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ ቁስሉ መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል ማውጣት ወይም መከፈት፤ ሆድ ተነፍቶ አየርና ዐይነ ምድር መከልከልና ማስታወክ፤ ሽንት አልወጣ ማለት፤ አንድ ባት ብቻ አብጦ ማመም፤ በድንገት የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር፤ በወለደች እናት ላይ ብዙ ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ። ሲቀንስ የነበረ ሕመም በድንገት ተመልሶ ቢበረታም እንዲሁ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ባይኖር፣ ሕመሙ ግን እንቅልፍ ቢነሣ፣ ሥራ ቢያስፈታ፣ ወይም ሦስት ወር ቢሞላው፣ ያን ጊዜም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና መንገር ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚነገርም እናመልክት። «ያመኛል» ማለት ብቻውን ለሐኪም ጥቂት ነው። ስፍራውን በአንድ ጣት ጠቁሙ፤ የሚያቃጥል፣ የሚስብ፣ የሚወጋ ወይስ የሚነዝር መሆኑን ለዩ፤ መቼ እንደሚብስ፣ ምን ሲደረግ እንደሚቀል ተናገሩ። ብርታቱንም በእጃችሁ ጣቶች ለኩ፤ አንድ ጣት ጥቂት ሕመም፣ አምስት ጣት የማይቻል ስቃይ ይሁን፤ ሐኪሙ ዛሬ አራት የነበረው ከወር በኋላ ሁለት መሆኑን ሲያይ ሕክምናው መሥራቱን ያውቅበታል። አማርኛ የማይቀናው ሰው በአፍ መፍቻው በአዊኛ ይናገር፤ የሚያስተረጕም ዘመድ ይዞ ይሂድ፤ ሕመም በልጅነት ቋንቋ ሲነገር ይበልጥ ይጠራልና። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀትና የሚውጣቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ይቅረብ። ወደ ቤታችሁ የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ይህን የምትሰማና ወደ ጤና ጣቢያ የምትመራ ስለሆነች፣ ከእርሷ አትሸሽጉ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ነገራችንን እንጠቅልል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰነብት ሕመም በብዙው ሰው ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በጥቂቱ ላይ ይጸናል፤ በሁሉም ላይ ግን ሊቀል ይችላል። ማስታገሻውን በሰዓቱ መውሰድ፣ በየቀኑ ጥቂት መራመድ፣ ሸክምን መተው፣ በልቶ መተኛት፣ የአደጋ ምልክቶችን ማወቅ፤ ከሁሉም በላይ መናገር ይገባል። በቤታችሁ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሰው ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ጠያቂው ከሄደ በኋላ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እውነቱን ንገረን፣ ሌሊት ያምሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያመኛል ካለም ነገ በማለዳ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። እግዚአብሔር ለሕሙማን ሁሉ ምሕረትን ይላክ።